ጥርሱ ገና ነው፣ ዕድሜው ግን አልቋል፦ ስለ ካምፐር ጎማ አመራረጥ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጀርመን፣ ኑረምበርግ ነው። ካቻምና አልጋና ምድጃ ያለው፣ ያገለገለ ፊያት ዱካቶ ካምፐር ገዛሁ። የ2015 ምርት ነው፤ ሙሉ ክብደቱ 3,500 ኪሎ። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር በየሐምሌው ወደ ጣሊያንና ክሮኤሺያ እንወርድበታለን። በዓመት ቢበዛ 8,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። የጎማዎቹ ጥርስ ገና ነው፤ ጎሚስታው ግን አራቱንም ቀይር አለኝ። ጎናቸው ላይ 215/70 አር 15 ሲፒ ይላል። ሲፒ የሚባሉት ደግሞ ውድ ናቸው። በዚያው ቁጥር የቤት መኪና ጎማ በግማሽ ዋጋ አግኝቻለሁ። ጓደኛዬ በበኩሉ ወፍራም ጥርስ ያለውን የገጠር መንገድ ጎማ አስገባ፣ እሱ አይበገርም ይለኛል። የቱን ልግዛ? መመሪያው ለኋላ ጎማ 5.5 ባር ንፋስ ሙላ ይላል፤ ይሄ ጎማውን አያፈነዳውም ወይ? ፎቶ ልኬያለሁ።»

ምላሽ፦

ጎሚስታው ልክ ነው። አራቱም ይቀየሩ። የቤት መኪናውን ጎማ ደግሞ በነጻ ቢሰጡዎትም አይውሰዱት።

ከፎቶው ልጀምር። ዲ.ኦ.ቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ፣ ሞላላ ክብ ውስጥ 1215 የሚል ቁጥር ይታያል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ሳምንቱን፣ ቀጣዮቹ ዓመቱን ይነግራሉ። ጎማው የተሠራው በፈረንጆቹ 2015፣ በ12ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። ከመኪናው ምርት ዘመን ጋር ይገጥማል። ስለዚህ እስካሁን የሚነዱት መኪናው ከፋብሪካ ይዞት በወጣው ጎማ ነው። አስር ዓመት አልፎታል። ብዙ አምራቾች ጥርሱ ምንም ያህል ቢቀር ጎማ ከአስር ዓመት በላይ እንዳያገለግል ይመክራሉ። ካምፐር ከሆነ እኔ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ላይ አስቆማለሁ። በሁለተኛው ፎቶ ላይ ደግሞ ከቸርኬው ጠርዝ ከፍ ብሎ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቆች ዙሪያውን ይዞራሉ። ጎሚስታውም ያየው ያንን ነው።

ጥርሱን አይተው «ገና ነው» ማለትዎ አይገርመኝም። እኛ አገር ጎማ የሚሞተው በጥርሱ ነው። የአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲ ቀኑን ሙሉ ይሮጣል፤ ጎማው ሳያረጅ ያልቃል። ሸራው እስኪወጣ የተነዳ ጎማ ያየ ሰው 7 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለውን ጎማ ጣል ሲባል ግራ ይገባዋል። ካምፐር ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ጎማው ሳያልቅ ያረጃል። በጎማው ላስቲክ ውስጥ ከፀሐይና ከአየር የሚከላከሉት ሰምና ሌሎች ንጥረ ነገሮች አሉ። እነዚህ ወደ ላይ ወጥተው ገጽታውን የሚሸፍኑት ጎማው ሲሽከረከርና ሲተጣጠፍ ነው። ወራት ሙሉ የቆመ ጎማ ይህን አያገኝም። ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከላይ የሚታየው ስንጥቅ ደግሞ ትንሹ ነገር ነው። ውስጥ ያለው የብረት ሽቦና ላስቲኩ የተያያዙበት ቦታ እየላላ ይሄዳል። ያንን በዓይን ማየት አይቻልም።

አንድ ቀን የሠራሁበትን ልንገርዎት። በየዓመቱ በአውሮፓ ከሚደረገው የኢትዮጵያውያን የስፖርትና የባህል ዝግጅት ሲመለስ የነበረ ቤተሰብ ነው። አውራ ጎዳና ላይ የኋላ ቀኝ ጎማቸው ፈነዳ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። ግን የተበጣጠሰው ላስቲክ የጎማ መሸፈኛውን ፕላስቲክ ሰባብሮ፣ የቆሻሻ ውሃ ቱቦውን ቆርጦ ወስዶታል። ተጎትቶ መጣልኝ። የቀሩትን ሦስት ጎማዎች ጥርስ ስለካ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ነበር። ጎማዎቹ አሥራ አንደኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ከዚያ የኋላ ግራውን ከቸርኬው አወጣሁት። ውስጡን በእጄ ስዳስስ መዳፌ ላይ ጥቁር የላስቲክ ዱቄት ቀረ። ያ ዱቄት ጎማው ከንፋስ አንሶ፣ ከጭነት በዝቶ ሲነዳ ውስጡ እየተፋቀ የወጣ ነው። እሱም ለመፈንዳት ጥቂት ነበር የቀረው። አባትየው ዱቄቱን ካየ በኋላ ስለ ዋጋ አንድም ቃል አላነሳም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። «በዚያው ቁጥር» ያሉት አባባል ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው። 215/70 አር 15 የሚለው ስፋቱን፣ ከፍታውንና የቸርኬውን መጠን ብቻ ይናገራል። ምን ያህል እንደሚሸከም አይናገርም። የሚሸከመውን የሚነግርዎት ከሱ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። የእርስዎ ሲፒ ጎማ 109 ይላል። 109 ማለት አንዱ ጎማ 1,030 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ያገኙት የቤት መኪና ጎማ በዚህ መጠን 98 ቢል ነው፤ 98 ደግሞ 750 ኪሎ ነው። ሁለቱ ጎማዎች ቦታው ላይ በልክ ይገባሉ፣ ሲያዩአቸውም ያው ናቸው።

ሊብሬዎን አውጡና ቁጥር 8.1 እና 8.2 ያሉበትን ይመልከቱ። የፊትና የኋላ አክስል ሊሸከሙ የሚፈቀድላቸው ክብደት እዚያ ነው የተጻፈው። በ3,500 ኪሎው ቀላል ዱካቶ ብዙውን ጊዜ የፊቱ 1,850፣ የኋላው 2,000 ኪሎ ነው። ሁለት ባለ 109 ጎማዎች 2,060 ኪሎ ይሸከማሉ። ለኋላው 60 ኪሎ ብቻ ይተርፋል፤ ጠባብ ነው ግን ይበቃል። ሁለት ባለ 98 ጎማዎች 1,500 ኪሎ ናቸው። አምስት መቶ ኪሎ ይጎድላል። ይህን ጎማ አስገብቶ ባለቤትንና ልጆችን ይዞ ብሬነር ላይ፣ ወደ ጣሊያን በሚያሻግረው የአልፕስ መተላለፊያ፣ መውጣት ማለት ምን እንደሆነ ያስቡት። የጀርመኑ የመኪና ምርመራ፣ ቱፍም አያሳልፈውም። አደጋ ከደረሰ ኢንሹራንሱ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ታዲያ ሲፒ ለምን ተለየ? ሲ የሚለው ፊደል ብቻውን ሲጻፍ የጭነት መኪና ዓይነት ጠንካራ ጎማ መሆኑን ያሳያል። ሲፒ ደግሞ ለካምፐር የተሠራ ጎማ ምልክት ነው። ዕቃ የሚያመላልስ ቫን ጠዋት ይጫናል፣ ማታ ባዶውን ይገባል። ጎማው ያርፋል። ካምፐር ግን ተኝቶም ጭነት ላይ ነው። አልጋው፣ ምድጃው፣ ፍሪጁ፣ ቁም ሣጥኑ አይወርዱም። በክረምቱ በረዶ ስር ስድስት ወር ሲቆም ጎማው ስድስት ወር ሙሉ ያንን ተሸክሞ ነው። የሲፒ ጎማ ጎኑ የተጠናከረው ለዚህ ነው፤ ከፍ ያለ ንፋስም ይችላል። ባለ 109 ሲ ጎማ በወረቀት ያው 1,030 ኪሎ ይሸከማል፣ ርካሽም ነው። መኪናዎ ቀለል ያለ ቢሆንና በየሳምንቱ የሚነዳ ቢሆን ሲውን አልቃወምም ነበር። እንደ እርስዎ አብዛኛውን ዓመት ለሚቆም፣ የኋላ አክስሉ ወደ ጣሪያው ለተጠጋ መኪና ግን ሲፒ ይግዙ። የዋጋው ልዩነት ለስድስት ሰባት ዓመት ሲከፋፈል ብዙ አይደለም።

«የኋላ አክስሌ ወደ ጣሪያው መጠጋቱን በምን አወቅህ?» ይሉኝ ይሆናል። ከፎቶው ጥግ የብስክሌት መስቀያ ስላየሁ ነው። ብዙ ሰው 60 ኪሎ ብስክሌት ከኋላ ሲሰቅል ኋላ ላይ 60 ኪሎ የጨመረ ይመስለዋል። ነገር ግን መስቀያው ከኋላ ጎማ አልፎ የተንጠለጠለ ነው። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል አራት ሜትር ቢኖር፣ ብስክሌቶቹ ደግሞ ከኋላ ጎማ ሁለት ሜትር ወደ ውጭ ቢሆኑ፣ የኋላው አክስል የሚያገኘው 90 ኪሎ ነው። ሠላሳው ኪሎ የሚመጣው ከፊት ነው፤ ብስክሌቶቹ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ላይ ያነሳሉ። በዚህ ላይ የሞላ መቶ ሊትር ውሃ መቶ ኪሎ ነው። የጤፍ ዱቄቱ፣ የመጠጡ ሣጥን፣ ድንኳኑ የሚገባውም ብዙ ጊዜ ከአልጋው ስር፣ ከኋላ ነው።

ስለዚህ ጎማ ከማዘዝዎ በፊት መኪናውን ያስመዝኑ። ቆሻሻ መቀበያ ጣቢያዎችና አሸዋና ጠጠር የሚሸጡ ድርጅቶች የመኪና ሚዛን አላቸው፤ በትንሽ ክፍያ ይመዝናሉ። ለጉዞ እንደተነሱ አድርገው ይሂዱ። ነዳጅ ሞልቶ፣ ውሃ ሞልቶ፣ ብስክሌት ተሰቅሎ፣ ልጆቹም ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው። መጀመሪያ የፊት ጎማዎችን ብቻ ሚዛኑ ላይ ያውጡ፣ ቀጥሎ ሙሉውን፣ በመጨረሻ የኋላውን ብቻ። ሦስቱን ቁጥሮች ጻፉ። የኋላው 2,000 ካለፈ የትኛውም ጎማ አያድንዎትም። ምክንያቱም ባሌስትራውም ፍሬኑም የተሠሩት ለዚያ ክብደት ነው። ያኔ መፍትሔው ዕቃ ማውረድ ነው። ውሃውን ግማሽ አድርጎ መንዳት ብቻውን 50 ኪሎ ያተርፋል። ለአንዳንድ ዱካቶዎች 225/70 አር 15 ባለ 112 ጎማም ተፈቅዷል፤ አንዱ 1,120 ኪሎ ይችላል። ሊብሬው 15.1 እና 15.2 ላይ የሚጽፈው አንድ መጠን ብቻ ስለሆነ፣ ሌላ የተፈቀደ መኖሩን ለማየት ሲ.ኦ.ሲ የሚባለውን የአምራቹን ሰነድ ይዩ። እዚያ ካለ መውሰድ ይችላሉ። ከሌለ ባለበት መጠን ይቆዩ።

የጓደኛዎን ምክር በተመለከተ፣ ወፍራም ጥርስ ጥንካሬ ይመስላል። የመሸከም አቅሙ ግን ከጥርሱ አይመጣም። ኤ.ቲ የሚባሉት የገጠር መንገድ ጎማዎች ጥሩ ቦታቸው አለ። የአልባኒያን ተራራ ወይም የሞሮኮን ኮረት መንገድ ለሚሄድ ሰው እኔም አስገባለሁ። እርስዎ ግን ከመንገድዎ አብዛኛው አስፋልት ነው። በአስፋልት ላይ እነዚህ ጎማዎች ይጮኻሉ፣ ነዳጅ ይበላሉ፣ ዝናብ ላይ ፍሬን ሲያዝ ለመቆም ከጥሩ የመንገድ ጎማ የበለጠ ርቀት ይፈጃሉ። መጠናቸው ከሰነዱ ከወጣ ደግሞ ቱፍ ዘንድ ሄዶ ማስመዝገብ ይመጣል። ካምፒንግ ሣር ላይ መስመጥ ከሆነ የሚያሳስብዎት፣ ከፊት ጎማ ስር የሚነጠፉ የፕላስቲክ መሰላሎች ገዝተው ይያዙ። ዱካቶ የሚጎትተው በፊት ጎማ ነው። እርጥብ ሣር ላይ በአፍንጫው ቁልቁል አያቁሙት፤ መውጫው ይከብዳል።

የበጋ ጎማ ወይስ የአራቱም ወቅት? ለእርስዎ የአራቱም ወቅት። እርግጥ ሐምሌ ላይ በደረቅ አስፋልት ጥሩ የበጋ ጎማ ፍሬን ላይ ይበልጠዋል፣ ቶሎም አያልቅም። በዓመት 8,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ግን ማለቁ አያሳስብም፤ ቀድሞ ያረጃል ብለናል። በሌላ በኩል ፀደይ ላይ አልፕስን ሲያቋርጡ ጠዋት በረዶ ሊያገኙ ይችላሉ። ጀርመን ውስጥ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ወዲህ በበረዷማ መንገድ የሚፈቀደው ተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያለበት ጎማ ብቻ ነው። ኤም እና ኤስ (ጭቃና በረዶ) የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም። ያለሱ ከተያዙ ቅጣቱ 60 ዩሮና አንድ የጥፋት ነጥብ ነው። ኦስትሪያ ውስጥ ደግሞ ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል 15 ባለው ጊዜ ጥርሱ ከ4 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጎማ እንደ በረዶ ጎማ አይቆጠርም። በሕግ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ጥርስ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው ብለው እስከዚያ አይጠብቁ። በየሳምንቱ ለበረዶ ሸርተቴ ወደ ተራራ የሚወጡ ቢሆን ኖሮ እውነተኛ የበረዶ ጎማ እል ነበር። ከጥያቄዎ ግን እንዲያ አይመስልም።

ስለ ንፋሱ። 5.5 ባር ጤነኛ የሲፒ ጎማን አያፈነዳም፤ ለዚያ ነው የተሠራው። ጎማ የሚያፈነዳው ብዙውን ጊዜ የንፋስ ማነስ ነው። ጭነቱን የሚሸከመው ንፋሱ ስለሆነ፣ ሲያንስ ጎኑ በየዙሩ ይተጣጠፋል። ይግላል። በሰዓት 110 እየነዱ፣ ሐምሌ ላይ፣ የጣሊያኑ የፖ ሜዳ አስፋልት ላይ ሲሆን ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ያቺ ጥቁር ዱቄት የምትመጣው እንዲህ ነው። ብዙ ሰው መኪናው ስለሚንገጫገጭና ሳህኖቹ ስለሚንኳኩ ብቻ ንፋስ ይቀንሳል። ይህን አያድርጉ። መቀነስ የሚቻለው በሚዛን ያገኙትን የአክስል ክብደት ለጎማው አምራች ልከው፣ ለዚያ ክብደት የሚሆነውን ንፋስ በጽሑፍ ሲሰጡዎት ነው። ጻፉላቸው፤ ይመልሳሉ። ወደ ሲ ጎማ ከቀየሩ ደግሞ 5.5 የሚለውን አይከተሉ፤ የሲ ጎማ የራሱ ሰንጠረዥ አለው።

ንፋስ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ከመነሳትዎ በፊት ነው። ረጅም መንገድ ነድተው ሲለኩ ግማሽ ባር ወይም ከዚያ በላይ ጨምሮ ቢያገኙት አይደንግጡ፣ አያስተንፍሱት። ሲበርድ ወደ ቦታው ይመለሳል። አንዳንድ የነዳጅ ማደያ መሙያዎች 5.5 ባር ድረስ ስለማይሄዱ የከባድ መኪና መሙያ ያለበትን ይፈልጉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ጎማ ሲቀየር ቫልቩም ይቀየር፤ የብረት ይሁን። ተራው የላስቲክ ቫልቭ የሚችለው እስከ 4.5 ባር ነው። ጥሩ ሲፒ ጎማ አስገብቶ፣ ሁለት ዩሮ ለማዳን በላስቲክ ቫልቭ 5.5 ባር የሞላ መኪና ስንቴ እጄ ገብቷል። ጎሚስታውን አስቀድመው ይንገሩት። አንዳንዱ የሚሠራው በብዛት የቤት መኪና ስለሆነ ላያስበው ይችላል።

ምክሬ ይኸው ነው። አራት አዲስ ጎማ፣ 215/70 አር 15 ሲፒ፣ የጭነት ቁጥሩ ከ109 ያላነሰ፣ የተራራና የበረዶ ምልክት ያለው፣ ከአራት የብረት ቫልቮች ጋር። ኮንቲኔንታል ቫንኮንታክት ካምፐር እና ሚሽሊን ክሮስክላይሜት ካምፒንግ የሚባሉት ሁለቱም በዚህ ዓይነት የሚሠሩ ናቸው። ከሁለቱ በወቅቱ በቅናሽ ያገኙትን ይውሰዱ፤ ስለ ስሙ ብዙ አይጨነቁ። በአውሮፓው የጎማ መለያ ወረቀት ላይ የእርጥብ መንገድ ደረጃው ኤ ወይም ቢ መሆኑን ይዩ። ሲረከቡም ከመግጠማቸው በፊት የዲ.ኦ.ቲ ቁጥሩን ያንብቡ። ከአንድ ዓመት በላይ መጋዘን የቆየ ከሆነ ይመልሱት። የእርስዎን ጎማ የሚጨርሰው ዕድሜ ስለሆነ፣ ዕድሜው መጋዘን ውስጥ የተበላበትን ጎማ ከፍለው መግዛት የለብዎትም። ሙሉው ቁጥር ብዙ ጊዜ በጎማው አንድ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ፣ ከተገጠመ በኋላ ወደ ውስጥ ዞሮ ለማየት መኪና ስር መግባት ይመጣል። ሁለቱን ዘንድሮ ሁለቱን ለከርሞ የሚለውን ሐሳብ ይተዉት። አራቱም እኩል አርጅተዋል።

ከተገጠመ ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ የቸርኬው ብሎኖች እንደገና ይጥበቁ። መኪናውን ለበረዶው ወራት ሲያቆሙት ንፋሱን ሙሉ አድርገው ይተዉት፣ ፀሐይ የሚመታውን ጎን ይሸፍኑ፣ በወር አንዴ ግማሽ ዙር ያህል ያንቀሳቅሱት። የጎማ ማብለጭለጫ ቅባት አይቀቡት።

እና ስኮርታው። ከመኪናው ስር ተንጠልጥሎ ከሆነ አውርዱና ቁጥሩን ያንብቡ። እሱም 2015 ካለ፣ እንደ አራቱ አርጅቷል። ከአሮጌዎቹ አራት «ደህና» የሚመስለውን መርጦ ስኮርታ ማድረግም አይሆንም። ስኮርታ ከሌለዎትና የማሸጊያ ፈሳሽ ብቻ ከሆነ የያዙት፣ ፈሳሹ የሚደፍነው ጥርሱ ላይ የገባ ትንሽ ምስማርን ነው። ጎኑ የተቀደደ ጎማን አይጠግንም። ከኑረምበርግ ክሮኤሺያ ድረስ ከልጆች ጋር ለሚሄድ ሰው አምስተኛ ጎማና የመኪናውን ክብደት የሚችል ክሪክ እንዲይዝ እመክራለሁ። ኪሎውንም ሚዛኑ ላይ ቆጥረው ያስገቡት።